አንዱ ያመለጠን፣ አንዱ የያዝነው የጋማ ፍንዳታ

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ፤ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው ግን አልሰማም። ገበያ ስወጣ አሁንም "እትዬ ስመኝ፣ ዛሬ ይጥላል?" ይሉኛል። ጡረታ ወጥቻለሁ ስላቸው "ጡረታ የወጡት እርስዎ ነዎት፣ ዝናቡ አልወጣ" ብለው ይመልሱልኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ዝናብ ስለካ፣ ነፋስ ስቆጥር፣ የቴርሞሜትር ቁጥር ስጽፍ ኖሬ ይጥላል አይጥልም ብዬ ተንብዬ አላውቅም። የአየር ጠባይ ታዛቢ ነበርኩ፤ የእኔ ሥራ የወረደውን መጻፍ እንጂ የሚወርደውን መናገር አልነበረም። ይህን ለማስረዳት ያጠፋሁት ጊዜ ቢደመር አንድ ዓመት ተጨማሪ አገልግሎት ይወጣው ነበር።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ግን ስለ ዝናብ ለማውራት አይደለም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ልቤን ያዘለለው ነገር የመጣው ከደመናው በጣም በላይ ነው። የጋማ ጨረር ፍንዳታ ይሉታል። ከምናያቸው ከዋክብት ሁሉ አልፎ፣ ለማሰብ እንኳ በሚያደክም ርቀት ላይ፣ አንድ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት የሚረጨው ጨረር ነው፤ ዓይን አያየውም። የመጀመሪያው ብልጭታ ጥቂት ሰከንድ፣ ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል። ያንን ብልጭታ ለመያዝ ሳተላይት ሰማይ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። እኛም እዚሁ መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ ወረዳ ላይ፣ በእንጨት መስቀል ላይ በተጠመጠመ ሽቦ እንጠብቅ ነበር። አንዱ አመለጠን፣ አንዱን ያዝነው። ያመለጠን በእኔ ጥፋት ነው፤ ኀፍረቱን የተሸከመው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት አርብ ገበያ ነው፣ ታች ጋይንት። ጣቢያ ማለት ያኔ አንድ የዝናብ መለኪያ፣ በነጭ ሳጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ቴርሞሜትሮችና እኔ ነበርን። ዓርብ ዓርብ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ ቆም ብሎ ያየኛል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ "አንች ልጅ፣ ዝናባችንን በቆርቆሮ እያጠራቀምሽ ለማን ነው የምትልኪው?" አሉኝ። ምላሴ መቼም አያርፍም፣ "ለጎረቤታችን ለስማዳ ነው አባ፤ እዚያ ተወዷል" አልኳቸው። በሚቀጥለው ዓርብ አምስት ሰዎች አቤቱታ ይዘው ቀበሌ ገቡ። ቀልድ መሆኑን በፊርማዬ እስካረጋግጥ ድረስ አልለቀቁኝም።

እግዜር ሲፈርድ ቀጥሎ የተዛወርኩት ወደዚያው ወደ ስማዳ ሆነ። በወረዳው ከተማ በወገዳ ስድስት ዓመት ሠራሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አዲስ ቴርሞሜትር ሲላክልን በጥጥ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ነበር የምጓዘው። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ያወራ ሁሉ ማማረሩ አይቀርም። አለቆችም ዓይነት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው፣ ስማቸውንም ቦታቸውንም አልጠራም፣ ቴርሞሜትሩን ከወንበራቸው ሳይነሱ በመስኮት ያነቡት ነበር። "ከዚህ ሆነው ይታይዎታል?" ስላቸው "ትናንት ቀርቤ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ የራቀ አይሆንም" አሉኝ።

ሥራውን ሥራ ያደረገልኝ ሰው ያገኘሁት መካነ ኢየሱስ ስመጣ ነው። ጋሽ ተገኘ የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲሄዱ እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ገብተው ዜማም ቅኔም ሞክረዋል፤ ባሕረ ሐሳቡን፣ የአጽዋማትና የበዓላት አቆጣጠሩን፣ ጨርሰው ያውቁት ነበር። ከዚያ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ተሻገሩ። የቀን ቁጥር ሲያሰሉ ዛሬም በወረቀት አያሰሉም፤ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ይሮጣል።

ያስተማሩኝ ነገር ከትምህርት ቤት አይገኝም። ቴርሞሜትር ሲያነቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ መጀመሪያ ከነጥብ በኋላ ያለችውን ቁጥር ያነባሉ፣ ሙሉውን ቁጥር ኋላ። "ሙሉው አይሸሽም፤ ገላሽ ሲጠጋው ቶሎ የሚለወጠው ትንሹ ነው" ይሉኝ ነበር። በበጋ፣ ሰማዩ እንደ ብራና ጠርቶ እንኳ፣ የዝናብ መለኪያውን ሳይከፍቱ "የለም" ብለው አይጽፉም። አንድ የጥር ጠዋት ሳልከፍት ጽፌ ደረሱብኝ።

"አየሽው?"

"ጋሼ፣ በጥር ምን ዝናብ አለ ብዬ…"

"አየሽው ወይ ነው ያልኩሽ። 'አለ' ብትይ ሌላው ሰው መጥቶ ያይልሻል። 'የለም' ካልሽ ግን ዳግመኛ የሚያይ የለም። ስለዚህ 'የለም' ማለት የሚከብደው ምስክርነት ነው።"

ሄጄ ከፈትኩት። አንዲት የሞተች ንብ ነበረችበት። እሷንም አስጻፉኝ።

ሌላው ልማዳቸው የሰዓት ነገር ነው። የእኛ ሥራ በሦስት ዓይነት ሰዓት ይኖራል። እኛ በአገራችን ሰዓት እንውላለን፤ ኮምፒውተሩ በፈረንጁ ይሄዳል፤ ቅጹ ደግሞ በዓለም አቀፍ ሰዓት ይሞላል። ጋሽ ተገኘ ምንም ነገር ከመጻፋቸው በፊት የሬዲዮውን የሰዓት ምልክት ይጠብቃሉ፣ ሰዓታችን ስንት ሰከንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ ያያሉ፣ እሱን ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ይጽፋሉ። "መጀመሪያ የሰዓቱን ኃጢአት ጻፊ" ነበር የሚሉት። ከእሱም በላይ፣ በገጹ አናት፣ የዓመቱን ወንጌላዊ ስም ያሰፍራሉ፦ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ። ይህን እቀልድበት ነበር። "ጋሼ፣ የነፋስ ፍጥነትና ማርቆስ ምን ያገናኛቸዋል?" ስላቸው ዝም ብለው ይጽፋሉ። እኔ ደግሞ የቀን ልወጣ በጭንቅላቴ የምሠራ ነበርኩ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ማየት እንደ ውርደት እቆጥረው ነበር።

አንቴናው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች በዝናብ መለኪያው አጠገብ የእንጨት መስቀል ተከሉ፣ ሽቦ ጠመጠሙበት፣ ገመዱን ወደ ቢሮ አስገብተው ከኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ነገሩን ሲያስረዱን ጋሽ ተገኘና እኔ እንደ ልጅ አፋችንን ከፍተን ሰማን። ከሩቅ አገር፣ ባሕር ውስጥ ለሚሄዱ መርከቦች የሚላክ የሬዲዮ ሞገድ አለ። ሞገዱ በምድርና በላይኛው የአየር ንጣፍ መካከል እየነጠረ እኛ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ሰው በአዳራሽ ውስጥ እየተናገረ ጣሪያው ድንገት ዝቅ ቢል ድምፁ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ የላይኛው አየር ሲናወጥ የሞገዱ ጉልበት ይለወጣል። ያን የሚያናውጠው ቀን ቀን ፀሐይ ናት። ሲመሽ ግን ፀሐይ የለችም፤ መስመሩም ጸጥ ይላል። ከመሸ በኋላ ድንገት ከተናወጠ፣ አንዳንዴ፣ በጣም አንዳንዴ፣ ከሩቅ ኮከብ የመጣ የጋማ ጨረር ነው።

"ማለት" አሉ ጋሽ ተገኘ፣ "እዚያ የሞተው ኮከብ እስቴ ላይ ይመዘገባል?"

"ይመዘገባል።"

እጃቸውን ከኋላቸው ፈትተው አጨበጨቡ። ሰውዬው ሲያጨበጭቡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት ያህል ምንም አልመጣም። የኮምፒውተሩ ዲስክ ትንሽ ስለነበር በየአሥራ አምስት ቀኑ ምንም ያልታየባቸውን ቀናት ፋይል እናጠፋለን። ከዚያ አንድ የጥቅምት ጠዋት ከዩኒቨርሲቲው ተደወለ። ሳተላይቱ እጅግ ብርቱ ፍንዳታ ይዟል፤ ብልጭታው በመጣ ሰዓት ሌሎቹ የምድር ጣቢያዎች ገና በቀን ብርሃን ላይ ስለነበሩ ምንም አልለዩም፤ መሽቶበት የነበረው የእናንተ ብቻ ነው፤ መዝገባችሁን እዩልን አሉ። ቀኑን በፈረንጅ ነገሩን። ጋሽ ተገኘ ለዓይናቸው ሕክምና ደብረ ታቦር ሊሄዱ መነሐሪያ ደርሰው ነበር። እኔ በጥቅምት ከፈረንጁ ቀን አሥር እንደሚቀነስ ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ እንኳ እናገራለሁ። አሥር ቀነስኩ። የወጣልኝን ቀን ከፈትኩ። መስመሩ ከምሽት እስከ ንጋት እንደ ገመድ የተወጠረ ነው። እየሮጥኩ መነሐሪያ ሄጄ "ጋሼ፣ የለም" አልኳቸው።

"አየሽው?"

"አየሁት! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።"

አውቶቡሱ ጥሩንባ ይነፋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተመልሰው ራሳቸው ባዩ ነበር። እኔን አምነው ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እኔም ተመልሼ "የለም" የሚለውን ላክሁ፤ ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር የዚያን አሥራ አምስት ቀን ፋይል በሙሉ አጠፋሁት።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ተገኘ ተመለሱ። መዝገቡን ከፍተው በገጹ አናት የወንጌላዊውን ስም ሊጽፉ ብዕር አነሱ፤ አውራ ጣታቸው በአንጓዎቹ ላይ መሮጥ ጀመረ፤ ቆመ።

"ስመኝ፣ የፈረንጁን ቀን ስንት ቀንሰሽ አገኘሽው?"

"አሥር ነዋ።"

"ዘንድሮ ወንጌላዊው ማነው?"

"ዮሐን…"

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ገባኝ። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ መስከረማችን በፈረንጁ አንድ ቀን ዘግይቶ ይገባል፤ በጥቅምት የሚቀነሰውም አሥር ሳይሆን አሥራ አንድ ነው። ስድስተኛዋን ጳጉሜን እኔው ራሴ ጠበል ስጠመቅባት ነበር! ያየሁት የማግስቱን ነው። ፍንዳታው የነበረበትን ቀን አላየሁትም።

"ፋይሉስ?" አሉኝ።

"አጠፋሁት።"

ብዕራቸውን ከደኑ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብለው ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፉ፦ ቀኑ በስህተት ተለውጧል፣ መዝገቡ ጠፍቷል፣ ጥፋቱ የጣቢያው ኃላፊ የእኔ የተገኘ ነው። እኔ ልፈርም ብዬ እያለቀስኩ ለመንኳቸው።

"'የለም' በሚለው ላይ የማን ፊርማ ነው ያለው?"

"የእርስዎ።"

"እንግዲያው አለቀ።"

ከዩኒቨርሲቲው ትሕትና የተሞላበት መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ምንም አልጠየቀንም፤ ከሚያምኗቸው ጣቢያዎች ዝርዝር ወጥተናል። ከተማው ደግሞ ወሬውን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ጋሽ ተገኘን "ኮከብ ሲፈነዳ የተኙት" ይላቸው ጀመር። ሠርግ ላይ ይቀለድባቸዋል፣ ዕድር ላይ ይቀለድባቸዋል። ልጃቸው ዘነበች ሳትቀር፣ አስተማሪ ናት፣ አባቷን እየወደደች "አባቴ ዓለም ቢያልፍ እንኳ አይነቁም" እያለች እንግዳ ታስቃለች። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔ ብቻ እዚያ ቁጭ ብዬ አልስቅም። የስንቱን ሰው አፍ የምመልስ ሴት በዚህ ጊዜ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ፈራሁ ማለት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጋሽ ተገኘ ጡረታ ወጡ፤ እኔ ኃላፊ ሆንኩ። አንቴናውን የሚወስደው አልመጣም፤ እኔም አልነቀልኩትም። መብራት ስለሚጠፋ በመኪና ባትሪ አሠራዋለሁ። ምስጥ የእንጨቱን እግር ሲበላው ለወጥኩት። በገጹ አናት የወንጌላዊውን ስም እጽፋለሁ፤ ከሥሩ የሰዓቱን ኃጢአት። ፋይል ማጥፋት አቆምኩ፤ ከኪሴ ፍላሽ እየገዛሁ በካርቶን አጠራቀምኩ። እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት አለፈ። ከዩኒቨርሲቲውም፣ ከሰማዩም ምንም የለም።

ጡረታዬ ሰባት ወር ሲቀረው፣ በኅዳር፣ አንድ ምሽት ለሦስት ሰዓቱ ምዝገባ ቀደም ብዬ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን የሬዲዮውን ምልክት ሰማሁ፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት አሥራ አንድ ሰከንድ ይቀድም ነበር፤ ጻፍኩት። ከዚያ ሹራቤን እየሠራሁ መስመሩን በጎን ዓይኔ አያለሁ። ሃያ ሦስት ደቂቃ እንዳለፈ መስመሩ ቁልቁል ወረደ።

መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣችው የጎረቤታችን የነጋዴው የሙሐመድ ላም ናት። ጀርባዋን ሲበላት አጥር ጥሳ ገብታ አንቴናው ላይ የመታሸት ልማድ አላት፤ ስንቴ አስደንግጣኛለች። የእጅ ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ። ላሚቱ በረቷ ውስጥ ተኝታ ታመሰኳለች። "ዛሬ አንቺ አይደለሽም!" አልኳት ጮክ ብዬ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ደመና የለም፣ የመብረቅ ዘርም የለም። እየሮጥኩ ተመለስኩ። የመኪናው ባትሪ ጉልበት ደህና ነው፣ ገመዱ ደህና ነው። መስመሩ ትንሽ ቀና ካለ በኋላ፣ ዓይኔ እያየ፣ እንደገና ወረደ! ሁለት ደረጃ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጅቶ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ፀሐይ ከጠለቀች ሁለት ሰዓት አልፏታል። ምን ያናውጠዋል? ምን ሊያናውጠው ይችላል!

የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት በባዶ ቢሮ ውስጥ እስክስታ ስትወርድ ያየ ሰው ባለመኖሩ እግዜርን አመሰግናለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩና ጻፍኩ። ከኮምፒውተሩ ላይ ያነበብኩትን እንዳለ፣ ሳልደምር ሳልቀንስ። ፋይሉን በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ፤ አንዱን ጡቴ ሥር፣ አንዱን መሶብ ውስጥ አደረግሁ።

በዚያ ሳምንት ከተማችን ኔትወርክ አልነበራትም። ሳተላይት አየ አላየ የምጠይቅበት መንገድ የለም። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። የያዝኩት እውነት ከሆነ የጣቢያው ስም ይመለሳል፤ ካልሆነ ደግሞ "እነዚያ ሰዎች አሁንም አላረፉም" መባላችን ነው። ለጋሽ ተገኘም አልነገርኳቸውም፤ ሁለት ጊዜ ላሳፍራቸው አልፈለግሁም። በአራተኛው ቀን በመጀመሪያው አውቶቡስ ደብረ ታቦር ወረድኩ፤ ገና መነሐሪያው ውስጥ ቆሜ ደወልኩ።

ሥራውን አሁን የያዘችው ዶክተር ህይወት የምትባል ወጣት ናት። በስም እንጂ በድምፅም አንተዋወቅም ነበር።

"ስመኝ እባላለሁ፤ ከመካነ ኢየሱስ ጣቢያ።"

"የመካነ ኢየሱስ? አንቴናው አሁንም አለ እንዴ?"

"አለ፣ ይሠራልም። ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። በዚህ ሳምንት ሳተላይት የያዘው ፍንዳታ ካለ እንዳትነግሪኝ። መጀመሪያ የእኔን ጻፊ። ወረቀት ይዘሻል?"

"ይዣለሁ፤ ይበሉ።"

መዝገቤን ከአናቱ ጀምሬ አነበብኩላት፦ ወንጌላዊውን፣ ቀኑን በእኛም በፈረንጁም፣ የሰዓቱን ስህተት፣ ከዚያ ከኮምፒውተሩ ላይ የተነበበውን፦ በዓለም አቀፍ ሰዓት አሥራ ሰባት ከሃያ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሰከንድ። ስጨርስ የኪቦርድ ድምፅ ሰማሁ። አጠገቤ የአውቶቡሱ ረዳት "ጋይንት፣ ጋይንት!" እያለ ይጮኻል።

"እትዬ ስመኝ" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ተለውጧል። "በዚያ ምሽት ፍንዳታ አለ። በጣም ብርቱ። ግን…"

"ግን ምን?"

"አሥራ አንድ ሰከንድ ይለያያል። የእርስዎ ዘግይቷል። ጨረሩ ሳተላይቱንና ምድርን የሚመታው እኩል ነው፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ብዙ ነው። ሌላ ነገር ይሆናል፤ አዝናለሁ።"

የአውቶቡሱን ጎማ ተደገፍኩ። ከዚያ ግን "አሥራ አንድ" የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ዞረ።

"ልጄ፣ የጻፍሽውን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ምንም ሳታስቀሪ።"

"እሺ። ዘመነ… ቀን… የሰዓቱ ስህተት፣ ኮምፒውተሩ አሥራ አንድ ሰከንድ ይቀድማል፣ ሁለት ሰዓት ላይ በሬዲዮ የታ…" ተወችው። ከዚያ የሰማሁት የዶክተር ድምፅ አይመስልም፤ ኳስ ሜዳ ያለች ነው የሚመስለው። "አርባ አንድ! አርባ አንድ ሰከንድ! ያው ነው! እትዬ ስመኝ፣ ልክ ያው ነው!"

እኔም ጮህኩ። ረዳቱ ሰው የሞተብኝ መስሎት እየሮጠ መጣ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ህይወት፣ "ስንት ጊዜ ነው የወረደው?"

"ሁለት ጊዜ።"

"ሁለት? እርግጠኛ ነዎት? ሳተላይቱ አንዱን ብቻ ነው ያየው። ፍንዳታው እጅግ ስለበረታ ቆጣሪው ሞልቶ ለጥቂት ደቂቃዎች መቁጠር አቅቶት ነበር። ሁለተኛው ብልጭታ የወደቀው እዚያ ውስጥ ከሆነ…"

"ሳተላይቱ ሲታወር እኛ አይተነዋል ማለት ነው?"

"ፋይሉን ይላኩልኝ! አሁኑኑ!"

ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ላክሁት። ፋይሉ እስኪሄድ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ አርባ ዓመት ነበር። ከሰዓት በኋላ ደወለች። መስመሩ ሁለተኛ የወረደው ልክ ሳተላይቱ በታወረበት ክፍተት ውስጥ ነው። እየሳቀች፣ እየተቻኮለች፣ ጣቢያችሁን ወደ ዝርዝሩ እመልሳለሁ አለች። ከዚያ በቅንነት እንዲህ ጨመረች፦ "የድሮው ኃላፊ በሠሩት ስህተት ይህን ሁሉ ዓመት ስንተዋችሁ መኖራችን ያሳዝናል። እኛ ፋይል ላይ ስማቸው አለ፣ አቶ ተገኘ የሚባሉ። ቀን አሳስተው መዝገብ ያጠፉት እሳቸው ናቸው አይደል?"

"አዎ" ብል ማንም አያውቅም። "አይደለም" ብል ደግሞ፣ ያን ምሽት መስመሩን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሰዓቱን ያመሳከርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ ምስክር የለም። ያኔ ሳታይ "አየሁ" ያለችው ሴት ራሷ ናት ሊባል ነው። ገና አሁን ያገኘነውን እምነት በገዛ እጄ ላፈርሰው እችላለሁ።

"መልሱን ጽፌ እልክልሻለሁ" አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ያንኑ ኢንተርኔት ቤት ተመልሼ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ሥራ ላይ ረዥም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ይኼም አልረዘመም። ወንበሩን ለሌላ ሰው ሳልለቅ ላክሁት፤ ብወጣ እንደማልመለስ አውቃለሁ።

በማግስቱ የካርቶኑን ፍላሾችና የመዝገቡን ቅጂ በአውቶቡስ ላክሁላት። ዘጠኝ ቀን መልስ አልመጣም። በዘጠኙ ቀን ውስጥ የሰደብኩትን ሰው ሁሉ ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አይበቃኝም። በአሥረኛው ቀን ኔትወርክ ሲመለስ መልእክቱ ገባ። ህይወት ፋይሉን ከሬዲዮው ምልክትና ከሌሎቹ ፍላሾች ጋር አስመርምራለች፤ ከዚያ በፊት የነበሩ የብዙ ቀናት የሰዓት ስህተቶቻችንንም አይታለች። መዝገባችሁ ይታመናል፣ የድሮውም ፋይል እንደ ቃልዎ ተስተካክሏል ትላለች። የመስመሩን ሥዕልና ደብዳቤዬን በወረቀት አስወጥቼ በቀጥታ ጋሽ ተገኘ ቤት ሄድኩ።

ዛሬ ጆሯቸው ይከብዳል፤ ዓይናቸው ግን ከሕክምናው ወዲህ ደህና ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ዘነበች ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትልጣለች። ሥዕሉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። በጣታቸው መስመሩን ተከተሉት፤ መጀመሪያ የወረደበት ላይ ቆሙ፤ ሁለተኛው ላይ ቆሙ።

"ይኼ ሁለተኛው ምንድር ነው?"

"ሳተላይቱ ያላየው ነው ጋሼ! እኛ ብቻ ነን ያየነው!"

"እኛ ብቻ?"

"እኛ ብቻ።"

ከት ብለው ሳቁ። ሥዕሉን አገላበጡት፣ አሻገሩት፣ አቀረቡት፣ እንደገና ሳቁ። ደብዳቤውን ስሰጣቸው ግን ጥቂት መስመር አንብበው ፊታቸው ጠቆረ።

"ይኼን ማን ጻፊ አለሽ? ስምሽን ምን አስነሳሽው? እኔ እኮ ያን ነገር ከረሳሁት ቆይቻለሁ።"

"እኔ አልረሳሁትም።"

"ይስቁብኝ የነበሩ ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል። ምን ያደርግልኛል?"

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ልከተው ስል እጄን ያዙት።

"ዘነቡ!" ብለው ተጣሩ፤ በጣም ጮክ ብለው። ልጃቸው ቢላዋውን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። "ቁሚ እዚህ። ስመኝ የምታነበው ነገር አላት።"

"ምንድር ነው አባዬ? ኮከብ ፈነዳ ደግሞ?"

እሳቸው አልሳቁም። ዘነበችም አባቷን አይታ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"አንብቢላት" አሉኝ። "ጮክ ብለሽ፤ እኔም ልስማው።"

ወረቀቱን ዘረጋሁት። "ያን ቀን ሳታይ 'የለም' ያለችው፣ መዝገቡንም ያጠፋችው እኔ ስመኝ ነኝ። አቶ ተገኘ የፈረሙት እኔን አምነው ነው፤ ከዚያም ጥፋቴን በራሳቸው ላይ ወስደው ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለዋል።"

"አልሰማሁም" አሉ ጋሽ ተገኘ፣ "እንደገና።"

እንደሰሙ አውቄያለሁ። እንደገና አነበብኩት።